አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ማንበብ ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመር?

አባ ጊዮርጊስ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት የደረሰ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። ለመናፍቃን መልስ በሚሰጥበት መጽሐፉ፣ በመጽሐፈ ምሥጢር አትጀምሩ በቃ። ስሙ ስለሚስብ ብዙ ሰው እሱን ያነሳና አርዮስ፣ ሰባልዮስ፣ ንስጥሮስ እያለ ከጥንት መናፍቃን ጋር የሚገጥመው ክርክር ሲከብደው አስር ገጽ ሳይሞላ ያስቀምጠዋል፣ ያሳዝናል።

መጀመሪያ ገድሉን አንብቡ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበር፣ ልጁን ለትምህርት ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰጠው፣ ልጁ ግን ለዓመታት ትምህርት አልገባ አለው። ገድሉ እንደሚለው እህል እየፈጨ ገዳሙን ሲያገለግል፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ሲለምን ቆይቶ ነው ጽዋ አጠጥታው አእምሮው የተከፈተለት። ይሄን ሳታውቁ ለእመቤታችን የደረሰውን የምስጋና መጽሐፍ፣ አርጋኖንን ብታነቡ ያ ሁሉ ምስጋና ከየት እንደመጣ አይገባችሁም፣ ሰውየው ውለታ እየከፈለ ነው የሚጽፈው።

ከዛ አርጋኖን። በሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፣ ከሰኞ ይጀምራል፣ ስለዚህ የሰኞውን ሰኞ ብቻ አንብቡ፣ ቸኩላችሁ በአንድ ቀን አትጨርሱት። ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለበትን ፈልጉ፣ ግዕዙ ባይገባችሁም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ጆሮ ይለምደዋል፣ ቀጥሎ ወደ አማርኛው ውረዱ። ምሳሌ ከኦሪት ሲያመጣ ጥቅሱን ዳር ላይ በእርሳስ ጻፉና ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ እዩት፣ እኔ ብዙ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ሰዓታቱን፣ ማለትም እሱ የደረሰውን የሌሊት ጸሎት ደግሞ በማንበብ አታገኙትም፣ በሌሊት ሲቆም መስማት አለባችሁ። ፍልሰታ ላይ ሂዱ፣ ውጭ አገር ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ሰዓታት የሚቆምበት ደብር ካለ ጠይቁ። መጽሐፉን ወይም ስልካችሁ ላይ ፒዲኤፉን ይዛችሁ ካህናቱን ተከተሉ፣ ከጠፋባችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ።

አሁን መጽሐፈ ምሥጢር። በፈረንጆቹ 1424 አካባቢ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ነው የተጠናቀቀው። ለየበዓሉ እንዲነበብ የተዘጋጀ ስለሆነ በተርታ አትግፉት፣ ልደት ሲደርስ የልደቱን፣ ጥምቀት ሲደርስ የጥምቀቱን አንብቡ። ከእያንዳንዱ በፊት የሚመልስለት መናፍቅ ምን ይል እንደነበር ካህን ወይም የአብነት ተማሪ ጠይቁ፣ ጥያቄውን ካወቃችሁ መልሱ ይቀላል።

የአባ ጊዮርጊስ በዓል ሐምሌ 7 ነው፣ ከሥላሴ ጋር ስለሚውል ይሸፈናል እንጂ በዕለቱ ስሙን ጠርታችሁ ለልጆቻችሁ ገድሉን ብታነቡላቸው ደስ ይለኛል።