መሣሪያው በወሳኝ ሰዓት ሲከዳ፦ የጠመንጃና የጨረር መሣሪያ ችግርና መፍትሄ በተኩስ ጨዋታዎች

በተኩስ ጨዋታዎች ውስጥ ጠመንጃ ይታመናል ወይስ ጨረር የሚለው ክርክር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ከከዳ በኋላ ነው። ሁለቱም ይከዳሉ፤ ነገር ግን የጠመንጃው ብልሽት በዕድል የሚመጣ ሲሆን፣ የጨረር መሣሪያው ግን ባብዛኛው አስቀድሞ በሙቀት ወይም በኃይል መለኪያው ላይ ይታያል። በእኔ ግምት ለተጫዋቹ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ምልክቱን ማንበብ ከቻለ።

ጠመንጃው ተኩስ መሃል ላይ ይነክሳል

ምክንያቱ እርጅና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፋር ክራይ 2 ከወደቀ ጠላት የሚነሳ ጠመንጃ ቀድሞውኑ ያረጀ በመሆኑ ዝገቱ ከእጅዎ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ብዙ በተኮሱበት ቁጥር ደጋግሞ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። መፍትሄው ያነሱትን ጠመንጃ ለጊዜያዊ ችግር ብቻ መጠቀምና ከመሣሪያ ነጋዴው አንድ ጊዜ መግዛት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመጋዘኑ አዲሱን እየተኩ መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ስቶከር ግን መጠገኛ ስለሌለው የሚያዋጣው ደህና መሣሪያ ሲገኝ ያረጀውን መጣል ብቻ ነው። ጥገና የመጣው በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛው የስቶከር ጨዋታ በክሊር ስካይ ነው።

የጨረር መሣሪያው በድንገት ዝም ይላል

ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ስላሉ አይምታቱብዎት። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሄሎ የፕላዝማ ጠመንጃው (በጥይት ፋንታ የጋለ የኃይል ኳስ የሚተፋው) ቃታው ሳይለቀቅ ከተተኮሰ ይግላል፤ ሙቀቱን አስወጥቶ እስኪበርድም ድረስ ተጫዋቹ ባዶ እጁን እንደቆመ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ማስ ኢፌክትም መሣሪያዎቹ የጨረር ባይሆኑም የሙቀቱ ችግር ተመሳሳይ ነው። በሁለቱም መፍትሄው መለኪያው ከመሙላቱ በፊት ቃታውን ለቆ በአጫጭሩ መተኮስ ነው። በነገራችን ላይ ማስ ኢፌክት 2 ሙቀቱን የሚቀበል ተለዋጭ ቁራጭ በማምጣቱ የወደፊቱን መሣሪያ መልሶ ጥይት ቆጣሪ አድርጎታል።

ሁለተኛው ምክንያት የኃይል ማለቅ ነው። የሄሎ ፕላዝማ መሣሪያ ባትሪው ሲያልቅ እንደ ጥይት ካርታ ተቀይሮ አይቀጥልም፤ መሣሪያው ተጥሎ ሌላ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዱም ደግሞ የፕላዝማ ጠመንጃውና ቢኤፍጂ 9000 የሚባለው ግዙፍ መሣሪያ ከአንድ የኃይል ክምችት ይጠጣሉ፤ አንዱ የቢኤፍጂ ተኩስ 40 የፕላዝማ ተኩስ የሚያህል ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ተራውን ጠላት በሽጉጥ ወይም በሾትገን ጨርሶ ክምችቱን ለከባዱ ማቆየት ያዋጣል።

ዒላማው መሃል ላይ ተኩሰው ይስታሉ

በብዙ ጨዋታዎች የጠመንጃ ጥይት ቃታው እንደተሳበ ወዲያውኑ እንዳረፈ ሲቆጠር፣ የፕላዝማ ኳስ ግን በዓይን የሚታይ ጉዞ ይጓዛል። የሚሮጥን ጠላት ከፊቱ ቀድመው ይተኩሱ፤ ርቀቱ ከበዛ ወደ ጠመንጃ ይመለሱ።

መሣሪያው ራስዎን ይገድላል

ይህ የጨረሮች ልዩ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ኩዌክ የመብረቅ መሣሪያውን ውሃ ውስጥ ቆሞ የተኮሰ ሰው የያዘው ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈስና ራሱን ይመታዋል። በ1998ቱ ሃፍ ላይፍ የታው መድፍ የሚባለው የጨረር መሣሪያ ኃይሉን እንዳከማቸ ከሚገባው በላይ ከተያዘ በተጫዋቹ ላይ ይለቀቃል። ተራው ሽጉጥ ግን እዚያው ጨዋታ ውስጥ ውሃ ስር ይተኩሳል፤ ስለዚህ ከመጥለቅዎ በፊት ሽጉጡን ይያዙ።

ጠላቱ ደጋግሞ ተመትቶ አይወድቅም

በሄሎ ፕላዝማ የኃይል ጋሻን፣ ጥይት ደግሞ ሥጋን ይበልጥ ይጎዳል። ጋሻ የለበሰ ጠላት ላይ ጥይት ማርከፍከፍ ካርታውን ባዶ ከማድረግ ያለፈ ብዙ ጥቅም የለውም። ጨዋታው ሁለት መሣሪያ ብቻ ስለሚያስይዝ አንዱን የፕላዝማ ሽጉጥ ያድርጉት፤ ቃታውን ይዘው ኃይሉን አከማችተው ሲለቁት ኳሱ ዒላማውን ተከትሎ ጋሻውን ያፈርሳል፣ ወዲያው ወደ ተራው ሽጉጥ ቀይረው ጋሻው ሳይመለስ ጭንቅላቱን ይምቱ።