ቺፕህ ሲመናመን በፖከር ውድድር እንዴት ትወስናለህ?

መጀመሪያ ቁጠር። የምትቆጥረው ግን ቺፑን ሳይሆን ስንት ቢግ ብላይንድ እንደቀረህ ነው። ብላይንድ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ በግድ የሚያስገቡት ቺፕ ነው፤ ቢግ ብላይንድ ትልቁ ነው። 8,000 ቺፕ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቢግ ብላይንዱ 100 ከሆነ ጌታ ነህ፤ 1,000 ከሆነ የቀረህ 8 ብቻ ነው። ብላይንዱ በየጊዜው ስለሚያድግ፣ አንድም ትልቅ ጨዋታ ሳትሸነፍ ልትደኸይ ትችላለህ።

ከ10 ቢግ ብላይንድ በታች ከወረድክ ምርጫህ በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ኦል ኢን (ያለህን ሁሉ ማስገባት) ወይም ፎልድ (ካርታህን መጣል)። ከ8,000ህ በ2,000 ሬይዝ አድርገህ (ውርርዱን ከፍ አድርገህ) ሰው ሲጫንህ ከጣልክ ሩቡን ቺፕህን በነፃ አደልክ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወንበርህን እይ። ከአንተ በኋላ የሚወስን ሰው ባነሰ ቁጥር ደፋር ሁን። መጀመሪያ ተናጋሪ ሆነህ የምትጥለው ካርታ በተን ላይ (ከኋላህ ብላይንድ ያስገቡት ሁለቱ ብቻ በሚቀሩበት ወንበር) ኦል ኢን ያስገባል።

በቁጥር እንየው። ብላይንዱ 500 እና 1,000፣ አንቲው (ከብላይንዱ ሌላ በግድ የሚገባው ቺፕ) በጠቅላላ 1,000 ነው። መሃል ላይ 2,500 አለ። ሁሉም ጥሎ በተን ላይ ያለኸው አንተ ጋ ደረሰ። 8,000ህን አስገባህ። ብላይንድ ያስገቡት ሁለቱ ሰዎች ከ100 ጊዜ 70ውን ይጥላሉ፣ በቀረው ቢግ ብላይንዱን ያስገባው ኮል ይላል (እኩል ያስገባል) እንበል። ኮል ሲባል የምታሸንፈው 35 ከመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በአማካይ 1,200 ገደማ ታተርፋለህ። የሚያኖርህ ካርታህ ብቻ ሳይሆን የሌላው ሰው ፍርሃት ነው።

ለዚህ ነው ኮል ማለት ሌላ ጉዳይ የሚሆነው። ቀድሞ የገባው ሌላ ሰው ከሆነ የሚፈራልህ የለም። ቀድመህ ልትገባበት የምትችለው ኤስና አምስት እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይጣላል።

ደግሞ «ጥሩ ካርታ ይምጣ» እያልክ እስከ 2,000 አትውረድ። በዚያች ቺፕ ኦል ኢን ብትል ቢግ ብላይንዱ 1,000 ጨምሮ 4,500 የማግኘት ዕድል አለው። ማንም አይጥልልህም። ይህን ትዕግሥት የሚሉት አሉ፤ እኔ ቀስ ብሎ መሞት ነው የምለው። የተለየው ጊዜ ሽልማት ሊጀመር አንድ ሰው ሲቀር ነው። ያኔ ካንተ የባሰ ቺፕ ያነሰው ካለ ጥሩ ካርታ መጣልም ያዋጣል።

ዕድልስ? አለ፣ ብዙ አለ። ሁለት ኩዊን ይዘህ ኤስና ኪንግ ቢገጥምህ የምትመራው በትንሹ ነው፣ 55 ለ45 ገደማ። ሁለት ኤስ እንኳ በሁለት ኪንግ ከአምስት አንዴ ያህል ይሸነፋል። 80 ከመቶ እየመራህ አራት ጊዜ ኦል ኢን ብትገባ አራቱንም የማሸነፍ ዕድልህ 41 ከመቶ ነው። ከግማሽ በታች!

ጃክ ስትራውስ በ1982 ላስ ቬጋስ ላይ የዓለም ፖከር ሲሪዝን ዋና ውድድር ሲያሸንፍ፣ መሃል ላይ አንድ ቺፕ ብቻ ቀርቶት እንደነበር ይተረካል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። አንድ ቺፕ ቀርቷቸው ወዲያው የወጡትን ግን ማንም አይተርክላቸውም።

ስለዚህ ከወጣህ በኋላ የመጨረሻዋን ካርታ እርሳት። ቺፕህን፣ ወንበርህንና ከኋላህ የነበሩትን ጻፍ። ከዚያ ራስህን ጠይቅ፦ መቶ ጊዜ ቢደገም አስገባ ነበር? መልስህ «አዎ» ከሆነ የምታርመው የለም። «ተናድጄ ነው» ከሆነ፣ እሱን ነው የምታርመው።