«አብሽሩ፣ ትናንት ነው የጠጣሁት»፦ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ቁልፉን ሊሰካ ሞከረ፤ ሳተው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ሳተው። ጠጅ ጠጅ ይሸታል። አጠገቤ የነበሩ እናት «ልጄ፣ ጠጥተሃል እንዴ?» አሉት። «አብሽሩ እማማ፣ ትናንት ማታ ነው የጠጣሁት» አለ ፈገግ ብሎ። እማማ መልስ አልሰጡም። ዶሯቸውን አቅፈው ወረዱ። እኔ አልወረድኩም። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ድረስ የፊቴን ወንበር ብረት ጨብጬ ነበር።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

«ትናንት ነው የጠጣሁት»

ሰው ተኝቶ ሲነሳ ስካሩ የለቀቀው ይመስለዋል። ጉበት ግን አይቸኩልም። በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም የሚያነሳው በአማካይ 0.15 ግራም ገደማ አልኮል ነው።

እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሐይቅ ከተማ ሠርግ ተጠራ እንበል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስምንት ጠርሙስ ቢራ ጠጣ። ሲጨርስ በግምት በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.6 ግራም አልኮል አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ መኪና ሲያስነሳ ገና 0.8 አካባቢ ነው። የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208/2003 አስቀምጦት የነበረው ጣሪያም ያው 0.8 ነበር። ዘጠነኛዋን ደግሞ «ለሙሽራው» ብሎ ከደገማት፣ ያንን ወሰን አልፎ መናኸሪያ ገባ ማለት ነው። ሰውየው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ይብስበታል።

0.8 ላይ አልደረስኩም ማለትም ደህና ነኝ ማለት አይደለም። ዓይንና እግር መዘግየት የሚጀምሩት ከዚያ በፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል። ያን ማርሽ ለመቀየር የምትወስነው ደግሞ ያው የደነዘዘችው ጭንቅላት ናት።

«ጠላ እኮ ነው!»

ቢራው ጠርሙስ ላይ መጠኑ ተጽፏል። የጠላ ጣሳ ላይ ምን ተጽፏል? የአንዷ ቤት ጠላ ውሃ ነው፣ የጎረቤቷ ደግሞ ጉልበት ይይዛል። ቅራሪና ወፍራሙ ጠላ አንድ አይደሉም። ጣሳው ደግሞ ትልቅ ነው፤ ባለቤቲቱም ሳይጎድል ትሞላልሃለች። ስለዚህ ጠላ የጠጣ ሰው ስንት እንደጠጣ አያውቅም። አረቄ ላይማ አንከራከር።

ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውሃ

ቡና ያነቃል። ስካር አይቀንስም። ያተረፍከው ነቃ ያለ ሰካራም ነው። ከመጠጣት በፊት መብላት ስካሩን ያዘገየዋል፤ ከጠጡ በኋላ የሚበላ ጥሬ ሥጋ ግን ደም ውስጥ የገባውን አያወጣም።

ጨብሲ

ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ጫት ተቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ሦስት ይባላል። ችግሩ ጫቱ እንቅልፉን ስለሚያባርር መጠጡ የያዘህ አይመስልህም። ስለማይመስልህም ትደግማለህ። ምርቃና የአልኮሉን መጠን በአንድ ነጥብ አይቀንሰውም።

ማስቲካና ቀስ ብሎ መንፋት

የትራፊክ ፖሊሱ የሚያስነፋው መሣሪያ አፍንጫ የለውም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ፕላቲኒየም የተቀባ ሳህን አላቸው። በትንፋሽ የመጣው አልኮል እዚያ ላይ ሲያርፍ ተቃጥሎ ወደ አሴቲክ አሲድ ይቀየራል፣ በዚያው ጊዜ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አልኮሉ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ማስቲካ ለመሣሪያው ምኑም አይደለም። ሳብ አድርጎ ቀስ ብሎ መንፋትም አያዋጣም፤ ትንፋሹ ካልበቃው እንደገና ንፋ ይልሃል። ይልቅ አንድ እውነት አለ፦ አፍህ ውስጥ የቀረ መጠጥ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አሁን ጠጥተህ ከሆነ 15 ደቂቃ መጠበቁ ለዚህ ነው። ግን አሁን ጠጥተህ መሪ ላይ ምን ትሠራለህ?

«ቅጣቱን ከፍዬ እገላገላለሁ»

የገንዘቡ መጠን በየማሻሻያው ይቀየራል፣ እሱን ተወው። አደጋ ካደረስክ ግን ጉዳዩ ከደረሰኝ ያልፋል። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ሊሆን ይችላል። ራሱን በመጠጥ ወይም በሚያደነዝዝ ነገር አስቶ ከሆነ ግን ወደ ጽኑ እስራት ይሄዳል፦ ከ5 ዓመት ይጀምራል፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮም ይጨመርበታል። ያው ሞት፣ ያው ቸልተኝነት፤ ልዩነቱ የጠጣኸው ነው። «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» ማለት ሰበብ መሆኑ ቀርቶ ማክበጃ ሆነ ማለት ነው።

ቁልፉን ሰክሮ መስጠት

ሠርግ ላይ ቁልፍ የሚሰጠው ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው። ያኔ «እኔ ደህና ነኝ» የማይል ወንድ የለም፣ ክርክሩም አያልቅም። ረዳቱም አብሮ ሲጠጣ አምሽቷል። እኔ ያየሁት የሚሠራ ዘዴ አንድ ነው፦ ገና ግቢ ሲገቡ፣ የመጀመሪያው ብርሌ ሳይቀዳ፣ ቁልፉ ለሙሽራው እናት ይሰጣል። ከእሳቸው ላይ በሌሊት ቁልፍ ሊቀበል የደፈረ ሰው እስካሁን አላየሁም።