ተማሪ ልጅዎን ከሌሊት ስልክ እንዴት እንደሚያላቅቁ

ጅማ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ካለዎት ይህችን ምልልስ ያውቋታል፦

«ስልኩን አስቀምጥ አላልኩህም?»
«እማዬ፣ ኖት እያነበብኩ ነው እኮ!»

ልጁ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ብዙ መምህራን ሃንድአውቱንም የቤት ሥራውንም የሚልኩት በቴሌግራም ነው፤ ኖቱ ያለበት ስልክ ላይ ደግሞ ቲክቶኩም አለ። ስለዚህ ስልኩን ነጥቆ ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ እምብዛም አያዛልቅም። ወይ ትምህርቱ ያመልጠዋል፣ ወይ ጓደኛው ቤት ያመሻል። እኔ ብጠየቅ ከሌሊቱ ጀምሩ እላለሁ።

1. መቼ እንደሚጠቀም ይዩ

አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባል ቦታ አለው፤ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ይባላል። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ያሳያል። ተደብቀው አይበርብሩ፤ ልጁን አስቀምጠው አብራችሁ እዩት።

የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና አማካሪ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች ለጭንቀትና ለድባቴ ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ እንደሆነ ተጠቅሷል። ይህ ማለት ግን ሁሉንም ያመጣው ስልኩ ነው ማለት አይደለም፤ የከፋው ልጅም ወደ ስልኩ ይሸሻል። ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለውን አጠቃቀም ልብ ይበሉ።

2. ሌሊቱን ያስመልሱ

ልጆቹን የሚያስመሸው ሱስ ብቻ አይደለም፤ ሂሳብም ነው። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ብር የሌለው ተማሪ ሁሉ እስኪመሽ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ማቆሚያ የለውም።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ ቢዘገይ ቢዘገይ ማታ 4 ሰዓት ተኩል መተኛት አለበት ማለት ነው። ቀን የተማረውን አእምሮው የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ ሲያነጋ ያደረ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ትምህርቱ አልገባውም።

ስለዚህ ከተቻለ አነስ ያለ የቀን ጥቅል ይግዙለት። የሚያስፈልገውን ፒዲኤፍ ቀደም ብሎ ያውርድ፣ ከዚያ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። የእርስዎም ስልክ አጠገቡ ይደር፤ አለበለዚያ ደንቡ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። «ለማንቂያ ነው» ካለ መርካቶ ወርደው ተራ የማንቂያ ሰዓት ይግዙለት። መብራት ሲጠፋ ስልኩ የእጅ ባትሪ ስለሚሆን፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ባትሪ ያስቀምጡ። እንዲህ ያለች ትንሽ ሰበብ ናት ስልኩን ወደ አልጋ የምትመልሰው።

3. የጥናቱን ሰዓት ይለዩ

ቴሌግራም ላይ ለትምህርት ግሩፖቹ ብቻ ፎልደር ይክፈት፣ ሌላውን ሁሉ ሚዩት ያድርገው። ለቲክቶክ የቀን ገደብ ይሙላ፤ የይለፍ ቁጥሩን እርስዎ ይያዙ።

ረጅም ኖት ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ቢያሳትመው ይሻላል፤ ወረቀቱን ይዞ ስልኩን ሌላ ክፍል ይተወው። የዩኔስኮ የ2023 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት ትኩረቱ የተሰረቀ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ይጠቅሳል። በአንዲት የ«ሃይ» መልእክት ይህን ያህል መክሰር ያሳዝናል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። በየአምስት ደቂቃው ስልክ መንካት የለመደ እጅ እዚያ ይቸገራል፤ ልምምዱን ከወራት በፊት ቤት ይጀምረው።

4. ስሜቱን ይከታተሉ

«ምን አየህ ዛሬ?» ብለው ይጠይቁ፣ እንደ መርማሪ ሳይሆን ቡና ላይ እንደሚጫወት ሰው። ራሱን ከሌሎች ፎቶ ጋር የሚያወዳድር ልጅ ቀስ በቀስ ይናገራል። የሚሰድቡት ወይም በፎቶው የሚያስፈራሩት ካሉ ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት ያንሱ፤ ማስረጃ ነው።

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከጓደኞቹ ከሸሸ፣ ምግብና እንቅልፍ ካስጠላው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ የጤና ጉዳይ ነው። ጸበሉንም ዱአውንም ሳይተዉ ሐኪም ያሳዩት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መሞትን የሚያነሳ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ይውሰዱት።