ከእበት ላይ የበቀለች ሲኒ፦ በማይክሮስኮፕ እንዴት እንደምለያት

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሙያዬም ላብራቶሪ ነው። ከሥራ ስወጣ ሌላ ነገር አያለሁ፦ እበት ላይ የሚበቅሉ፣ ሲኒ የሚመስሉ ፈንገሶች። ትልቋ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ትንሿ ከጤፍ ታንሳለች። በዓይን ብቻ ስም ልትሰጧቸው አትችሉም። ብርቱካናማ የሆኑት እንኳ ሦስት አራት የተለያየ ወገን ናቸው። መልሱ ያለው ውስጣቸው ነው።

ለማብቀል ጫካ መሄድ አያስፈልግም። ላዩ ደረቅ ያለ፣ ኩበት ለመሆን የተቃረበ እበት ፈልጉ። የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ ሶፍት አንጥፉ፣ አርጥቡት፣ እበቱን አስቀምጡና ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት ዳር ይሁን። ውኃ አታብዙ፤ ከዋኘ ይበሰብሳል። የላም እበት ይሁን፣ የፈረስ ፋንድያ ወይስ የፍየል በጠጥ፣ ዕቃው ላይ ጻፉ። በየእንስሳው ላይ የሚበቅለው ይለያያልና ይህች ጽሑፍ ኋላ ትፈለጋለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር ቆብ የደፉ፣ እንደ ብርጭቆ የጠሩ ቀጫጭን ነገሮች ይወጣሉ። ፒሎቦለስ ይባላሉ። ቆባቸውን ወደ ብርሃን ይተኩሳሉ። ተዉአቸው፣ ያልፋሉ። ሲኒዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣሉ።

ሲኒዋ ስትመጣ መጀመሪያ በእጅ መነጽር እዩአት። ጠርዟ ላይ ፀጉር አላት? ፊቷ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ ብለዋል? እነዚያ ነጠብጣቦች የበሰሉ ስፖሮች፣ ማለትም ፈንገሱ እንደ ዘር የሚራባባቸው ቅንጣቶች፣ የያዙ ከረጢቶች ናቸው። ካያችኋቸው ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አሁን ስላይድ። በመርፌ ጫፍ አንዲት ሲኒ ከሥሯ አንሱ። ጠብታ ውኃ ላይ አስቀምጡና በምላጭ ለሁለት ክፈሏት። ከግማሹ ላይ ስስ ቁራጭ ብቻ ወስዳችሁ ሌላውን አውጡት። ከቨር ስሊፑን፣ ማለትም ስሱን መሸፈኛ መስታወት፣ በሰያፍ አውርዱ፤ አረፋ እንዳይገባ። ከዚያ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ጥብቅ ብለው የቆሙት ከረጢቶች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። በ10 ሌንስ ፈልጉ፣ በ40 እዩ።

ውኃ ይቅደም የምለው በምክንያት ነው። ኬሚካል ሕዋሱን ይገድላል፤ በውስጡ ያለው የዘይት ጠብታ ይዋሃዳል፣ ቀለሙ ይለወጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ አዮዲን ቀድሜ ጨመርኩ። በከረጢቶቹ መካከል ባሉት ክሮች ውስጥ የነበረው ብርቱካናማ ቀለም ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ ሲኒዋ ከመጀመሪያው አረንጓዴ ናት ብዬ መዘገብኩ። ያ ናሙና አንድ ብቻ ነበር፤ ድጋሚ ላየው አልቻልኩም።

ውኃ ውስጥ እያለች ይህን ተመልከቱ። ከረጢቱ ውስጥ ስንት ስፖር አለ? ብዙውን ጊዜ 8 ነው። ከዚያ በጣም ከበዛ ቴሌቦለስ የሚባለውን ወገን አስቡ። የከረጢቱ ጫፍ እንደ ድስት ክዳን ይከፈታል? ባዶውን ፈልጉ፣ ክዳኑ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ፀጉር ካለ፣ ሹል ነው? ውስጡስ በግድግዳ ተከፋፍሏል?

ከዚያ አዮዲን። ሰገራ የምንመረምርበት የአዮዲን ፈሳሽ፣ ሉጎል፣ ይበቃል። በከቨር ስሊፑ አንድ ጠርዝ ጠብ አድርጉ፣ በሌላው ጠርዝ ሶፍት አስነኩ፤ ውኃውን እየመጠጠ ሉጎሉን ይስበዋል። ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቡናማው ሲደርስ የከረጢቱ ግድግዳ ሰማያዊ ይሆናል ወይም አይሆንም። በዚህ ሥራ ውስጥ እንደዚህች ደቂቃ የምወደው የለም።

እንግዲህ እናገናኘው። ስፖሩ ወይን ጠጅ፣ ከረጢቱ ሰማያዊ ከሆነ ወይ አስኮቦለስ ነው ወይ ሳኮቦለስ። ስምንቱ ስፖሮች ተለያይተው ከተቀመጡ አስኮቦለስ፤ እንደ ችቦ አንድ ላይ ከታሰሩ ሳኮቦለስ። ስፖሩ ቀለም የለሽ፣ ከረጢቱ ግን ሰማያዊ፣ ሲኒዋ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ከሆነች አዮዶፋነስን አስቡ። ሰማያዊ ካልሆነና ግድግዳ የሌለው ሹል ፀጉር ካላት ላሲዮቦለስ ትሆናለች።

እኛ ጋ እበት ላይ ደጋግሜ የማገኛት አስኮቦለስ ፈርፈራሲየስ ናት። አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ናት፤ ውጯ ፉርሽካ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስሟም የመጣው ከዚያው ነው፤ በላቲን ፉርፉር ማለት ፉርሽካ ነው። የስፖሯ ወይን ጠጅ ልባስ ቁመቱን ተከትሎ በቀጫጭን መስመሮች ይሰነጠቃል። እነዚህን መስመሮች በ100 ሌንስ፣ የማይክሮስኮፕ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እዩ። ልባሱ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ያልበሰለ ስፖር ግን ያሳስታል። አስኮቦለስ ለጋ ሳለች ስፖሯ ቀለም የለውም። አንድ ጊዜ በዚህ ተታልዬ ሌላ ወገን አድርጌ ጻፍኳት። ከሁለት ቀን በኋላ ከዚያው እበት ሌላ ሲኒ ባነሳ ወይን ጠጅ ሆና ጠበቀችኝ። አሁን ስፖር ለመለካት ሲኒዋን አልቆርጥም። ከብርሃኑ በኩል ከቨር ስሊፕ አጠገቧ አቆምና አሳድራለሁ። ራሷ የተኮሰቻቸው ስፖሮች መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ያድራሉ። የተተኮሰ ስፖር የበሰለ ነው።

ቢያንስ 20 ስፖር ለኩ፣ ርዝመትና ስፋት። የዓይን ሌንሱ ማስመሪያ በየማይክሮስኮፑ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ በመለኪያ ስላይድ አመሳክሩት። የእኔ አንዷ መስመር በ40 ሌንስ 2.5 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ናት። የፈርፈራሲየስ ስፖር ርዝመቱ ከ20 እስከ 28፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 14 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ከ50 የሚያልፍ ግዙፍ ወይን ጠጅ ስፖር ካያችሁ አስኮቦለስ ኢመርሰስን አስቡ።

ለታካሚ የሚሠራበትን ዕቃ ለዚህ አታውሉ፤ ስላይድም፣ መርፌም ለየብቻ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቀሩትን ሲኒዎች ከነእበቱ ቁራጭ በጥላ አድርቁና በወረቀት ጠቅልሉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ እንስሳውን፣ የሉጎሉን ውጤትና ሕያው ሳለች የነበራትን ቀለም በእርሳስ ጻፉበት።