ዋይፋዩ ሞልቷል፣ ኢንተርኔት የለም፦ የግቢ ኔትወርክ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ አንድ ግቢ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ማለት አይደለም። ዋናው ቤት አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ ተከራይ አለ። ኢንተርኔት የሚገባው ግን በአንድ በኩል ነው፤ ሁሉም ከዚያው ይቀዳል። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ግቢው በሙሉ "ኔትወርክ የለም" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከአጥሩ አያልፍም።

መጀመሪያ ችግሩ የቤት ነው ወይስ የውጭ የሚለውን ለዩ። ራውተሩን ገልበጥ አድርጋችሁ ከሥሩ የተለጠፈውን አንብቡ። 192.168.1.1 ወይም እሱን የሚመስል ቁጥር ታገኛላችሁ። የስልካችሁን ዳታ አጥፉና ቁጥሩን ብራውዘር ላይ ጻፉ። የራውተሩ ገጽ ከመጣ ከእናንተ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ሰላም ነው። ካልመጣ ግን የትም አትደውሉ፤ ጣጣው እዚሁ ነው።

አደራ፣ በመርፌ የምትነካዋን የሪሴት ቀዳዳ ለመሞከር ያህል እንዳትነኳት። ራውተሩን አታድስም፤ ያስገባችሁትን ሁሉ ነው የምታጠፋው። ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ።

ሞልቶ ይታያል፣ ምንም አይከፍትም

ምልክቱ የሚናገረው ከራውተሩ ጋር መገናኘታችሁን ብቻ ነው። ፋይበር ካላችሁ ገመዱ የሚገባባትን ሳጥን እዩ። ኤልኦኤስ የሚለው ቀይ መብራት ከበራ የብርሃን ምልክቱ ቤታችሁ አልደረሰም። ቀጭኑ ገመድ ታጥፎ ወይም በሶፋ እግር ተጨፍልቆ እንደሆነ ፈትሹ፤ ውስጡ መስታወት ስለሆነ እንደ መብራት ገመድ አይታጠፍም። ገመዱ ደህና ከሆነ አሁን ለኢንተርኔት አቅራቢው ደውሉ።

የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 ይጀምራል

ኮምፒውተሩ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል፤ ስለዚህ ለራሱ አወጣ ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራውተሩን ቀድሞ ከተነሣ ይህ ያጋጥማል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል። ካልሆነ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። አሁንም እምቢ ካለ ራውተሩ ገጽ ላይ ዲኤችሲፒ የሚለው፣ ማለትም አድራሻ የሚያድለው፣ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ።

ራውተሩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። መብራት ሲዋዥቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ሲተካ ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን።

ሰርቪስ ቤት አይደርስም

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ገና ምንም ሳትገዙ ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ አውጡት። ቡፌው አናት ላይ ይቀመጥ። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ በተሠሩት ባለ ወፍራም ግድግዳ ቤቶች አንድ ክፍል ማለፍ እንኳ ፈተና ነው። የቆርቆሮ ግድግዳማ ብረት ስለሆነ ምልክቱን ይመልሰዋል። 5 ጊጋኸርዝ የሚለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያይ ይደክማል፤ ለሩቁ ክፍል 2.4ን ምረጡ።

ሪፒተር (የዋይፋይ ምልክት ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ) የሚገዛ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሞተበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። የሌለ ነገር አይደገምም። መሃል መንገድ ላይ፣ ገና ጥሩ በሚስብበት ቦታ መሆን አለበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ኬብል ዘርግታችሁ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር ማድረግ ይሻላል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ለግቢ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ራውተር ግን ራሱ ሌላ ችግር ይወልዳል። ኬብሉን ዋን የሚለው፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ከሰካችሁት ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ሰርቪስ ያለው ላፕቶፕ ግን ከዋናው ቤት አይታይም። ሁለት ኔትወርክ ሆነዋላ። ላን የሚለው፣ የቤት ዕቃዎች የሚገናኙበት ቀዳዳ ውስጥ ሰክታችሁ ዲኤችሲፒውን ካልዘጋችሁ ደግሞ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። ትናንት የሠራው ስልክ ዛሬ እምቢ ይላል፣ የአንዱ ሲከፍት የሌላው ይዘጋል። ምክንያቱ የማይያዝ ብልሽት ካያችሁ ይሄንን ጠርጥሩ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ኬብሉን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሁለተኛውን ራውተር ብቻውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኙ። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉ፤ የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ ማለቴ ነው። ዲኤችሲፒውን ዝጉ። ከዚያ ኬብሉን ከላን ወደ ላን ስኩ።

ኮምፒውተሮቹ አይተያዩም

ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ እንደ ካፌ ዋይፋይ ቆጥሮ ሊደበቅ ይችላል። ኔትወርኩን ፕራይቬት አድርጉት፤ ኔትወርክ ዲስከቨሪንም አብሩ። ከታየ በኋላ ፓስወርድ ጠይቆ አልገባ ካለ፣ የሚፈልገው የዚያኛውን ኮምፒውተር ፓስወርድ እንጂ ፒን አይደለም። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ስልካችሁ በእንግዳ ዋይፋይ ገብቶ እንደሆነም እዩ፤ የእንግዳው ሆን ተብሎ የተለየ ነው።

ፕሪንተሩ ጠፍቶ ይከርማል

መብራት ሄዶ ሲመጣ አዲስ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ይፈልገዋል። ራውተሩ ገጽ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። አለቀ።

ማታ ማታ ይንቀራፈፋል

ራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙትን ቁጠሩ። የማታውቁት ከበዛ ፓስወርዱ ሰፈር ገብቷል፤ ቀይሩት፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ የሚለውንም ዝጉ። ለተከራይ የእንግዳውን ስጡ። አንዳንዱ ተከራዩን ለመለየት ብሎ ሁለተኛውን ራውተር በዋን በኩል ይሰካል። ይሄ የተከራዩን ዕቃ ከእናንተ ይደብቃል እንጂ የእናንተን ከእሱ አይደብቅም።

ከመብረቅ በኋላ ቀዳዳው ሞተ

ክረምት ላይ ከቤት ቤት በአየር የተዘረጋ የመዳብ ኬብል የመብረቅን ኃይል ስቦ ያመጣል። ራውተሩ በርቶ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ሊሞት ይችላል፤ ኬብሉን ወደ ሌላው አዛውሩና ሞክሩ። ሰማዩ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት የመብራቱንም የኔትወርኩንም ገመድ ንቀሉ። አንዱን ብቻ መንቀል አይጠቅምም።