ግድግዳውን ከመውቀስዎ በፊት፦ ሞቃትና ቀዝቃዛ ቀለም ሲያጣምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤታቸው ቀለም አልጥም ብሏቸው የሚጠሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሄጄ ሳየው ጥፋቱ ከቀለሙ ከራሱ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ችግሩ አጠገቡ ከተቀመጠው ነገር ነው፣ ከመጠኑ ነው፣ ወይም ከላዩ ከሚበራው አምፖል ነው። ብዙዎቹ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ዕቃቸውን አስወጥተው፣ ቀቢ ቀጥረው፣ ግድግዳውን እንደገና አስቀብተዋል፤ ያው ስህተትም በሌላ ቀለም ተመልሶ መጥቷል። የወጣው ገንዘብ ያሳዝናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን «እኔ ቀለም መምረጥ አልታደልኩም» ብለው ተስፋ መቁረጣቸው ነው።

ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ሞቃት እንደሚባሉ፣ ሰማያዊና ወደ እርሱ የሚያደሉት ደግሞ ቀዝቃዛ እንደሚባሉ ሁሉም ስለሚያውቅ በቀጥታ ወደ ስህተቶቹ እገባለሁ።

ግማሽ በግማሽ ማካፈል

ሁለቱ ግድግዳ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ብርቱካናማ፤ ሶፋው ቀዝቃዛ፣ መጋረጃው ሞቃት። በሐሳብ ደረጃ ፍትሐዊ ክፍፍል ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጡበት ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እኩል ድምፅ አውጥተው ሲናገሩ የአንዳቸውም ንግግር እንደማይሰማ ሁሉ፣ እኩል የተካፈሉ ቀለማትም ይሸፋፈናሉ። አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል።

በሙያው የታወቀው መነሻ 60፣ 30፣ 10 የሚባለው ነው። ከሚታየው ስፋት 60 በመቶውን ግድግዳው፣ 30 በመቶውን እንደ ሶፋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያሉ ዕቃዎች፣ 10 በመቶውን ደግሞ ትራስ፣ ሥዕልና የጠረጴዛ መብራት ይይዙታል። በሜትር እየለኩ የሚፈጽሙት ሕግ አይደለም፤ ማን እንደሚመራ ለመወሰን ብቻ የሚያገለግል ነው። እኔ 60ው ቀዝቃዛ ከሆነ 30ውን እዚያው አካባቢ አቆየዋለሁ፤ 10ሩን ግን ያለ ፍርሃት ሞቃት አደርገዋለሁ። ተቃራኒውም ይሠራል።

ጀማሪዎች «10 በመቶ አያንስም ወይ?» ብለው ይሰጋሉ። አያንስም። ዓይን የሚመዝነው ስፋትን ብቻ ሳይሆን ድምቀትንም ነው። ፈዘዝ ባለ ግራጫ ሰማያዊ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ደማቅ ቢጫ ትራስ ከአንድ ሙሉ ግድግዳ ጋር ይተካከላል። ትራሱን ብቻውን መተው ግን ሌላ ስህተት ነው፤ የተረሳ ዕቃ ያስመስለዋል። ያንኑ ቀለም በሥዕሉ ውስጥ ወይም በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይድገሙት።

አምፖሉን መርሳት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው ለአንድ ግድግዳ ቀለም ሳምንታት ያማክራል፣ ካታሎግ ያገላብጣል፣ ቤተሰብ ይሰበስባል፤ አምፖል ሲገዛ ግን የመጣለትን ያነሳል። ቀለም የራሱ ብርሃን የለውም። ግድግዳ መልሶ የሚሰጠው የተሰጠውን ብርሃን ብቻ ነው። ቀይ የጎደለው ብርሃን የበራበት የሸክላ ቀይ ግድግዳ ቅላቱን ከየት ያምጣው?

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። የሻማ ነበልባል 1,900 ገደማ ነው። ቢጫማው አምፖል 2,700 ወይም 3,000፣ መካከለኛው ነጭ 4,000፣ «የቀን ብርሃን» ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ደግሞ 6,500 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ለዓይን እየቀዘቀዘ መሄዱ ብዙዎችን ያደናግራል። ልኬቱ የተወሰደው ከጋለ አካል ነው፤ ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ የጋለ አካል፣ ለምሳሌ እጅግ የሚግል ኮከብ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን ያላወቀ ሰው ትልቁን ቁጥር አይቶ «የተሻለው ይህ ነው» ብሎ ይገዛና ሳሎኑን በአንድ ምሽት ያቀዘቅዘዋል።

በብዙ አምፖሎች ማሸጊያ ወይም አንገት ላይ ባለሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፦ 827፣ 840፣ 865። የመጀመሪያው አሃዝ አምፖሉ ቀለማትን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ ይናገራል፤ 8 ማለት ከ100 በ80ዎቹ ውስጥ፣ 9 ማለት በ90ዎቹ ውስጥ ነው። ቀሪዎቹ ሁለት አሃዞች የኬልቪኑ መነሻ ናቸው፤ 27 ሲል 2,700፣ 65 ሲል 6,500 ማለት ነው። ለመኖሪያ ክፍል በ9 የሚጀምር ካገኙ እርሱን ይውሰዱ። አብዛኛው ኤል ኢ ዲ አምፖል ነጭ ብርሃን የሚያወጣው ከውስጡ የሚመነጨውን ሰማያዊ ብርሃን ቢጫማ ብርሃን በሚሰጥ ሽፋን ውስጥ በማሳለፍ ነው፤ ጥራቱ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚጎድለው ጥልቁ ቀይ ነው። የእንጨት ቡናማ፣ የቆዳ ሶፋ፣ የሰው ፊት ሳይቀር የሚገረጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዲት እናት «ቀቢው ቀለሙን ቀይሮብኛል» ብለው ጠሩኝ። ቀን ቀን ክሬም የሆነው ሳሎናቸው ማታ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ይሆንባቸዋል። ባዶውን የቀለም ቆርቆሮ እንኳ ለማስረጃ አስቀምጠውታል። መብራቱን አጥፍቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ አምፖሉን ፈታሁና አንገቱን አነበብኩ፦ 865። መኝታ ቤታቸው የነበረው 827 ነው። እርሱን አምጥቼ ተካሁትና መብራቱን አበራሁት። እናትዬዋ ወደ ግድግዳው ተጠግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ «ያው ቀለም ነው?» አሉኝ። ያው ቀለም ነበር። ቀቢው ከወቀሳ ዳነ፣ የታሰበው ሁለተኛ ቅብም ቀረ።

ከዚህ የሚብሰው አምፖል ማደባለቅ ነው። ከኮርኒሱ 6,500፣ ከግድግዳው 3,000፣ ከጠረጴዛው 4,000 በሚበራበት ክፍል አንድ ግድግዳ ሦስት ቀለም ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሞቃትና ቀዝቃዛን ማመጣጠን የሚችል ባለሙያ የለም። በአንድ እይታ ውስጥ የሚገቡ አምፖሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሌላው ስህተት ደብዛዛ ሆኖ ሰማያዊ ያዘለ ብርሃን ነው። የኔዘርላንድሱ የፊዚክስ ባለሙያ ክሩይትሆፍ በ1941 የጻፈው ነገር አለ፦ ብርሃኑ አነስተኛ ሲሆን ሰማያዊ ያዘለው ለሰው የጨፈገገ ሆኖ ይሰማዋል፣ ቢጫማው ግን ደስ ይለዋል። ኋላ የመጡ ጥናቶች በወሰኖቹ ላይ ሁሉ አልተስማሙም፤ ማታ ማታ በምገባባቸው ቤቶች የማየው ግን ይህንኑ ነው። ቀዝቃዛ ቀለም የወደደ ሰው ግድግዳውን ሰማያዊ ያድርግ፣ አምፖሉን ግን ሞቃት ያድርገው። ሚዛኑ ግማሹ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ነጭና ግራጫን ገለልተኛ ማድረግ

«ነጭ ቀባልኝ» ሲሉት «የትኛውን ነጭ?» ብሎ የማይጠይቅ ቀቢ ያሳስበኛል። ነጭ ቀለም ውስጥ ጥቂት ቢጫ ሲገባ ይሞቃል፤ ጥቂት ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሲገባ ይቀዘቅዛል። ብቻውን ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። ክሬም ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ የበር ፍሬም ሲያርፍበት ግን ክሬሙ የቆሸሸ ይመስላል፤ ሰውም ግድግዳውን ያስጠርጋል። ግራጫም እንደዚሁ ነው። አንዱ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ወይን ጠጅ አለበት። «ግራጫ ከሁሉም ጋር ይሄዳል» የሚለው አባባል ብዙ ቤት አበላሽቷል።

የተደበቀውን ቀለም ማውጣት ቀላል ነው። ናሙናውን ከአንድ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ጎን ያስቀምጡት። ይህ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ስለሆነ ቢጫው፣ ሮዙ ወይም አረንጓዴው ወዲያውኑ ይጋለጣል። ካታሎጉ ቀለማቱን ከፈዛዛው እስከ ጠቆር ያለው በአንድ ረድፍ ካሳየ ደግሞ በዚያው ረድፍ ከሁሉም የጠቆረውን ይመልከቱ፤ ፈዛዛው የሸሸገውን እርሱ ይናገራል።

ከወለሉ ጋር መጣላት

ብርቱካናማ ያዘለ የእንጨት ወለል ያለው ሰው «ወለሉ በዛብኝ፣ ላብርደው» ብሎ ግድግዳውን ሰማያዊ ያስቀባል። ወለሉ ይብሳል። ሰማያዊና ብርቱካናማ ተቃራኒ ቀለማት ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ድምቀት ያወጣል።

ይህን በጥናት ያስረዳው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ነው። ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ጥቁረቱ ደከመ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ማቅለሚያውን መርምሮ እንከን አላገኘበትም፤ ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለማት ነበሩ። ግኝቱን በ1839 አሳተመ። እኔም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ሳይሆን የማይነሳውን ነገር ነው፦ ወለሉን፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን፣ የመስኮቱን ፍሬም። እነዚህ ዕድሜ ልክ የሚቀመጡ ቀለማት ናቸው፤ ከ60ው ወይም ከ30ው ውስጥ መቆጠር አለባቸው።

ወለሉ እንዲረጋ ከተፈለገ ግድግዳውን በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ባለ ፈዛዛ ቀለም፣ ለምሳሌ ሞቅ ባለ ነጭ ወይም ቡናማ ባዘለ ግራጫ ይቀቡት። ቀዝቃዛ ቀለም ካማረዎትም በጣም የፈዘዘና አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ይሻላል። እንጨቱ እንዲያበራ ከተፈለገ ግን ሰማያዊው ጥሩ ነው፤ አውቆ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ።

በትንሽ ናሙና መወሰን

የጣት ያህል በሆነች የካታሎግ ናሙና አይወስኑ፤ በስልክ ፎቶግራፍ ደግሞ ፈጽሞ። ካሜራው የብርሃኑን ቀለም በራሱ እያስተካከለ ስለሚያነሳ የሚያሳየው ሌላ ክፍል ነው።

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ይቀቡ፣ ዙሪያውን ነጭ ይተዉለት፣ በደንብ ያድርቁት። የውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ከሚታየው ይልቅ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ይላል። ቀጥታ በአሮጌው ግድግዳ ላይ አይሞክሩት፤ የድሮው ቀለም ዓይንን ያታልላል። ከዚያ ካርቶኑን መሐሉ ላይ አጥፈው የክፍሉ ጥግ ውስጥ ያቁሙት። ግድግዳዎች ብርሃን ስለሚቀባበሉ ቀለሙ ጥግ ላይ ይጠነክራል፤ ሙሉ ክፍሉ ሲቀባ የሚታየው ለዚያ የቀረበ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና መብራት ሲበራ ይዩት። በሁለት ቀለማት መካከል ካመነቱ ፈዘዝ ያለውን ይውሰዱ።

የሌላ አገር መስኮት

«ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቃት ቀለም ይቀባ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ውሸት አይደለም፤ የተጻፈው ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቆ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን የሰሜን መስኮት የሚያገኘው በአብዛኛው የሰማዩን ሰማያዊ ብርሃን ነው። በስተደቡብ ርቆ ላለ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ለምድር ወገብ በቀረበ ቤት ደግሞ ፀሐይ የዓመቱን ከፊል በሰሜን፣ ከፊሉን በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ይበልጥ የሚለየው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የምሥራቁ ክፍል ጠዋት ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ የምዕራቡ ተቃራኒው። ክፍሉን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀሙበት አስቡና ለዚያ ሰዓት ቀለም ይምረጡ።

አነስ ያሉት

ሙቀትን ከቀለም ቆርቆሮ ብቻ መጠበቅ፦ እንጨት፣ ቆዳ፣ ሱፍና ነሐስ ያሞቃሉ፤ መስታወትና ነጭ ብረት ያቀዘቅዛሉ። ሁለቱም በሚዛኑ ውስጥ ይቆጠራሉ።

እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማሰብ፦ በሩ ሲከፈት የሚታየው ቀጣዩ ክፍልም የዚህኛው አካል ነው። ከአንዱ ቢያንስ አንድ ቀለም ወደ ሌላው ይሻገር።

ቀይ ሁሉ ሞቃት፣ ሰማያዊ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መደምደም፦ ሰማያዊ ያዘለ ቀይ ከብርቱካናማ ቀይ አጠገብ ሲቀመጥ ይቀዘቅዛል። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያወዳድሩ።

ቀለሙን ቀድሞ መግዛት፦ ይህ የብዙ ጣጣ መነሻ ነው። ቀለም በፈለጉት ዓይነት ይበጠበጣል። ምንጣፍና የሶፋ ጨርቅ ግን ገበያ ላይ ካሉት የሚመረጡ ናቸው። ግድግዳውን አስቀድሞ የቀባ ሰው ከዚያ ጋር የሚሄድ ጨርቅ ፍለጋ ይንከራተታል። አምፖሉን ይስቀሉ፣ ጨርቁን ይምረጡ፣ ቁራጩን ይዘው ወደ ቀለም ሻጩ ይሂዱ።